የአልማዝ ባለጭራ የመድኃኒት ከረጢት፦ የትኛው ያዋጣል፣ የትኛው አያዋጣም

ከጀርባ ተነሥቶ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ወደ ሆድ የሚዞር፣ ውሃ የቋጠረ፣ የሚያቃጥል ሽፍታ ሲወጣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚገዛው ነገር ከቤት ቤት ብዙም አይለያይም። ከፒያሳም ይገዛ ከስታዲየም፣ ከአራት ኪሎም ይሁን ከጥቁር አንበሳ ዙሪያ፣ ይዘውት በሚመለሱት ከረጢት ውስጥ ሁለት ስትሪፕ አሳይክሎቪር፣ አንድ ቲዩብ ቅባት፣ አንድ ጠርሙስ ካላሚን፣ የሕመም ማስታገሻ፣ አንዳንዴም የቢ ቫይታሚን መርፌ ይገኛል። ጎረቤት ደግሞ በበኩሉ የተወቀጠ ቅጠል ይልካል። ከረጢቱን ፈትተን እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚያስፈልግና የት ላይ እንደሚበላሽ እንይ።

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ከዚህ ሁሉ ዕቃ በሽታውን ራሱን የሚያሳጥረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም በጊዜ ተጀምሮ በሙሉ መጠኑ የሚዋጠው ፀረ ቫይረስ። ይህን መድኃኒት የሚያሠራው ደግሞ ቤት ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር አስታማሚ ነው። ለቅባት የሚወጣው ገንዘብ አብዛኛው ለፍሬው ቢውል ኖሮ ብዙ ሰው ባነሰ ስቃይ ይድን ነበር።

በሽታው ከየት እንደሚመጣ ካልታወቀ የሚገዛውን መምረጥ አይቻልም። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው በልጅነት ጉድፍ ያስወጣው ቫይረስ ነው፤ ቫሪሴላ ዞስተር ይባላል። ጉድፉ ሲድን ቫይረሱ ከሰውነት አይወጣም፤ አከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ተኝቶ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ዕድሜ ከ50 ሲያልፍ፣ ወይም በኤችአይቪ፣ በስኳር፣ በካንሰር ሕክምና፣ ለረጅም ጊዜ በሚወሰድ ስቴሮይድ የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይነቃና በአንዱ ነርቭ ላይ ተጉዞ ቆዳ ላይ ይወጣል። በአንድ ጎን ብቻ፣ በመስመር የሚወጣው ለዚህ ነው። ሕመሙም የሚከፋው ከቆዳ ቁስል በላይ የነርቭ ቁስል ስለሆነ ነው።

«ጭራው ዞሮ ከጫፉ ጋር ከተገናኘ ይገድላል» እያሉ የሚፈሩ አሉ። የአንድ ወገን ነርቭ የሚያዳርሰው ያንኑ ወገን ብቻ ስለሆነ ሽፍታው አብዛኛውን ጊዜ የሰውነትን መሐል መስመር አያልፍም። መሐሉን አልፎ በሁለቱም ጎን ከወጣ ወይም ራቅ ራቅ ብሎ በመላው ሰውነት ላይ ከተበተነ ግን የሰውነት መከላከያ በጣም መድከሙን ያመለክታልና በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ከረጢቱ።

አሳይክሎቪር እንክብል። ለአልማዝ ባለጭራ የአዋቂ መጠኑ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን ነው፤ ሐኪሙ እስከ 10 ቀን ሊያራዝመው ይችላል። ከረጢቱ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ፍሬው በ200፣ በ400 እና በ800 ሚሊግራም ይመረታል። 200 የሆነውን የገዛ ሰው በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ መዋጥ አለበት፤ በቀን 20፣ በሳምንት 140። 400 ከሆነ በአንድ ጊዜ 2፣ በሳምንት 70። 800 ከሆነ በአንድ ጊዜ 1፣ በሳምንት 35። እንግዲህ ባለ 200ውን «ሁለት ስትሪፕ ስጠኝ» ብሎ የወጣ ሰው፣ ስትሪፑ 10 10 ፍሬ ከሆነ፣ የገዛው የአንድ ቀን መድኃኒት ብቻ ነው። በየጊዜው አንድ አንድ ፍሬ እየዋጠ ሳምንት ሊያዳርሰው ቢሞክር መጠኑ ለአልማዝ ባለጭራ ከሚያስፈልገው ሩብ እንኳ አይሞላም። ከዚያም «አሳይክሎቪር ወስጄ አልሠራልኝም» ይባላል። ያልሠራው መድኃኒቱ ሳይሆን ስሌቱ ነው።

ስለዚህ ፋርማሲ ሲገባ ጥያቄው «አንዱ ስትሪፕ ስንት ነው?» መሆን የለበትም። «ሙሉው የ7 ቀን፣ 28,000 ሚሊግራሙ በጠቅላላ ስንት ይመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ባለ 200ው በፍሬ ርካሽ ይመስልና ተደምሮ ከባለ 400ው ወይም ከባለ 800ው ሊበልጥ ይችላል። ለሚያቅለሸልሸው ሰው ደግሞ በአንድ ጊዜ 4 ፍሬ መዋጥና 1 ፍሬ መዋጥ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ሰዓቱ ለኛ አቆጣጠር የተመቸ ነው። ከጠዋቱ 12፣ ከረፋዱ 4፣ ከቀኑ 8፣ ከምሽቱ 12፣ ከምሽቱ 4። በየ4 ሰዓቱ ሆኖ ሌሊቱ ለእንቅልፍ ይተዋል። 12፣ 4፣ 8፣ 12፣ 4 ብሎ አንዴ የሰማ አይረሳውም። ፊደል የማይቆጥሩ እናትም ቢሆኑ የግድግዳ ሰዓት እያዩ ይይዙታል። ምግብ ይበላ አይበላ ለመድኃኒቱ ለውጥ የለውም። ውሃ ግን ለውጥ አለው፤ አሳይክሎቪር በኩላሊት በኩል ስለሚወጣ ሰውነት ውሃ ካነሰው እዚያ ተጠጥሮ ኩላሊትን ሊጎዳ ይችላል። የልብ ወይም የኩላሊት ሐኪም ውሃ ቀንስ ያላለው ሰው በቀን ወደ 2 ሊትር ቢጠጣ ጥሩ ነው። አጥሚቱም ሾርባውም ይቆጠራል።

የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑ ይቀነስለታል፤ ይህን ለሐኪሙም ለፋርማሲስቱም ሳይናገሩ መግዛት አደገኛ ነው። መድኃኒቱን የጀመሩ አዛውንት መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ መንቀጥቀጥ ካመጡ «ትኩሳቱ ነው» ብሎ ማለፍ አይገባም፤ ኩላሊት መድኃኒቱን አላስወጣ ብሎ በደም ውስጥ ተከማችቶ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ሐኪም ይየው።

መቼ ይጀመር? ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ። ቆጠራው ከሽፍታው ነው እንጂ ከሕመሙ አይደለም። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከሽፍታው ሁለት ሦስት ቀን ይቀድማል፤ ያኔ ብርድ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ የኩላሊት ጠጠር ነው እየተባለ ይታሻል። ትኩስ ውሃ የያዘ ጠርሙስም ይደረግበታል። በአንድ ጎን ብቻ የሚያቃጥልና ልብስ ሲነካው የሚያንገበግብ ሕመም ያለበትን ሰው ቆዳውን ጠዋትና ማታ ማየት ከአስታማሚ የሚጠበቅ የመጀመሪያ ሥራ ነው፤ ጀርባውን ራሱ ሊያየው አይችልምና። 72 ሰዓት አለፈ ተብሎ ደግሞ አይቀርም። አዲስ ጉብታ አሁንም እየወጣ ከሆነ፣ ሽፍታው ዓይን አካባቢ ከሆነ ወይም የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው ከሆነ ሐኪም ዘግይቶም ያስጀምራል።

የእኔ ሚዛን፦ በሙሉ መጠን ከተገዛ 5 ከ5። በሁለት ስትሪፕ ከሆነ ገንዘቡ በከንቱ ሄዷል።

ቫላሳይክሎቪር የዚያው መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ አሳይክሎቪር ይለወጣል። 1,000 ሚሊግራም በቀን 3 ጊዜ ለ7 ቀን ስለሆነ ከጠዋቱ 12፣ ከቀኑ 8 እና ከምሽቱ 4 ብቻ መዋጥ ይበቃል። ባለ 500 ከሆነ 42 ፍሬ፣ ባለ 1,000 ከሆነ 21 ፍሬ። ቀን ቤት ውስጥ ሰው ለሌለው ታማሚ፣ ወይም ለሚረሱ አዛውንት፣ አቅም ከፈቀደ ጭማሪ ዋጋውን ያወጣል። ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ባለበት ቤት ግን አሳይክሎቪር በቂ ነው፤ ቤተሰብ ለዚህ ሲል ብድር መግባት የለበትም።

የአሳይክሎቪር ቅባት፦ 0 ከ5። ቅባቱ የተሠራው ለከንፈር ምች ነው። አልማዝ ባለጭራ ላይ ቫይረሱ የሚነቃው ነርቭ ውስጥ ስለሆነ ከላይ የተቀባ እዚያ አይደርስበትም። ከሁሉ የሚያሳዝነው ፍሬው ተወደደ ተብሎ ቅባቱ በምትኩ ሲገዛ ነው፤ ሦስቱ ወሳኝ ቀናት በቅባት ያልፋሉ። የቆዳ ቅባቱን ዓይን ውስጥ ማድረግም ፈጽሞ አይቻልም፤ ለዓይን የሚሆነው ሌላ ዝግጅት ነው፣ የሚያዝዘውም የዓይን ሐኪም ነው።

ካላሚን ሎሽን፦ 3 ከ5። በሽታውን አያሳጥርም፤ ማሳከኩንና ማቃጠሉን ለጥቂት ሰዓት ያበርዳል፣ ውሃ የቋጠረውንም ያደርቃል። አጠቃቀሙ ላይ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው ጠርሙሱን ሳይነቀንቁ መቀባት ነው፤ ዱቄቱ ከታች ዘቅጦ ስለሚቀር የሚቀባው ውሃው ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው በአሮጌው ላይ አዲስ እየደረቡ መቀባት ነው፤ እንደ ኖራ ተጋግሮ ከሥሩ እርጥበት ይይዛል፣ ሲላጥም ቆዳውን ይዞ ይነሣል። በቀን አንዴ በለብታ ውሃ በቀስታ ታጥቦ ይነሣ፣ ከዚያ አዲስ በስሱ ይቀባ። ጉብታው ፈርጦ ሥጋው የታየበት ቦታ ላይ፣ ዓይን አጠገብና አፍ አጠገብ አይቀባም።

እርጥብ ጨርቅ። ከከረጢቱ ውጭ ያለ፣ ነገር ግን ከካላሚን የሚበልጥ ማስታገሻ ነው፤ ዋጋውም የልፋት ብቻ ነው። ውሃ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ነክሮ መጭመቅ፣ ሽፍታው ላይ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማሳረፍ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ እንጂ መፈተግ የለም። ካላሚን የሚቀባው ከዚህ በኋላ ነው። በረዶ በቀጥታ አይደረግም፤ የተጎዳ ነርቭ ቅዝቃዜውን እንደ እሳት ሊሰማው ይችላል፣ ቆዳውም ይጎዳል። ጨርቁ ለሌላ ሰው አያገለግልም፤ በሙቅ ውሃና በሳሙና ይታጠባል። ጉብታዎቹ ደርቀው ቅርፊት ከያዙ በኋላ ጨርቁ ይቁም።

«ቁስሉን ውሃ አይንካው» የሚባለው ጉዳት አለው። በለብታ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና በየቀኑ መታጠብ ቆሻሻና ላብ ያስወግዳል፣ በላዩ ሌላ ተዋህስያን እንዳይገባበት ያግዛል። ጥፍርም ይቆረጥ፤ ሌሊት በእንቅልፍ ልብ የሚታከክ ሰው ጠዋት መግል ይዞ ይነሣል።

ጎዝና ፕላስተር። ደረቅ ጎዝ በፈረጠ ጉብታ ላይ ይጣበቃል፤ ሲነሣ ሕመሙ ከበሽታው ይብሳል። ወይ የቫዝሊን ጎዝ ግዙ፣ ወይ ደግሞ ደረቁ ከተጣበቀ በጨው ውሃ አርሳችሁ 10 ደቂቃ ጠብቃችሁ አንሡት። ለጨው ውሃው፣ ግማሽ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ያልሞላ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሮ ማቀዝቀዝ ነው። ፕላስተሩ የሚያዘው ከሽፍታው ራቅ ባለ ጤነኛ ቆዳ ላይ ብቻ። ፋሻ አጥብቆ መጠምጠም ለአልማዝ ባለጭራ አይሆንም።

ጂቪ፣ ቴትራሳይክሊን ቅባት፣ የተወቀጠ ቅጠል፣ አመድ። ጂቪ ቆዳውን ወይን ጠጅ ስለሚያለብሰው መቅላቱ አይታይም፤ ሐኪሙ መግል ይዞ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል። የአንቲባዮቲክ ቅባት ለቫይረስ አይሠራም፤ ቦታ የሚኖረው ሐኪም አይቶ መግል ይዟል ካለ ነው። ቅጠሉና አመዱ ከፍቅር የተላኩ ናቸው፣ ላኪውን ማስቀየም አይገባም፤ ተቀብሎ አመስግኖ ግን የፈረጠ ቆዳ ላይ አለማድረግ ነው። በላዩ የሚጨመረው ቁስል ጠባሳ ሊያስቀር ይችላል። ለወገብ ሕመም የሚታሹት የሚያቃጥሉ፣ ሚንት የሚሸቱ ቅባቶችም ሽፍታው ሳይድን አይነኩም።

የሕመም ማስታገሻ ረጅም ነገር ይፈልጋል፤ ታማሚውን እንቅልፍ የሚነሣው፣ ቤተሰቡንም የሚያስጨንቀው ይኸው ሕመም ነውና።

ፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊግራም 2 ፍሬ በየ6 ሰዓቱ፤ በ24 ሰዓት ከ8 ፍሬ አይበልጥም። ክብደታቸው ከ50 ኪሎ ለሚያንስ፣ ጉበት ለሚያምማቸውና አልኮል ለሚያዘወትሩ ከዚህ ይቀነሳል። የጉንፋን መድኃኒቶች ብዙዎቹ ውስጣቸው ፓራሲታሞል ስላለ ደርቦ መውሰድ ሳያውቁ መጠን ማለፍ ነው። በሰዓቱ ሲወሰድ ይሻላል፤ ሕመሙ ጣራ ከነካ በኋላ ለማውረድ ይከብዳል።

ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ኩላሊትን ይጫናሉ፣ አሳይክሎቪርም በኩላሊት ያልፋል። ለወጣትና ለጤነኛ ሰው ለጥቂት ቀን ችግር ላይሆን ይችላል፤ ለአዛውንት፣ ለደም ግፊትና ለስኳር ታማሚ ግን ያለ ሐኪም ሁለቱን አንድ ላይ መስጠት አይገባም። «መርፌ ካልተወጋሁ አይለቀኝም» የሚል ታማሚ አለ፤ በመርፌ የገባው ዳይክሎፌናክ ኩላሊት ላይ ያለው ጫና በአፍ ከሚወሰደው ያው ነው።

አሚትሪፕቲሊን በከረጢቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ነው፤ በጣም ከሚጠቅሙት አንዱም እሱ ነው። የነርቭ ሕመም በተራ ማስታገሻ በደንብ አይበርድም። አሚትሪፕቲሊን በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ማታ ከመተኛት ሁለት ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ ይጀመራል፤ ሐኪሙ በየሳምንቱ ቀስ እያለ ሊጨምረው ይችላል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይበላሻል። አንደኛ፣ ወረቀቱን ያነበበ የቤተሰብ አባል «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው፣ አብዷል አሉት እንዴ?» ብሎ ያስጥለዋል። መድኃኒቱ ለድብርት በሚሰጥበት ጊዜ መጠኑ ከዚህ ብዙ ይበልጣል፤ በትንሹ ሲሰጥ የሚሠራው የነርቭን የሕመም መልእክት በማዳከም ነው። ሁለተኛ፣ በ3ኛው ቀን «አልሠራም» ተብሎ ይቆማል። ውጤቱ ከ1 እስከ 2 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይጠይቃል።

አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል፤ ከተኙበት ብድግ ሲሉም ያዞራል። ስለዚህ በሌሊት ሽንት ቤት የሚወጡ አዛውንት አልጋ ጫፍ ላይ አንድ ደቂቃ ተቀምጠው፣ ሰው ይዟቸው ይሂዱ። ሽንት ቤቱ ግቢ ውስጥ ከሆነ ባልዲ ወይም ፖፖ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጥ። ጎናቸውን የሚታከሙ ሰው ወድቀው ዳሌያቸውን ቢሰበሩ ሌላ መከራ ነው። የፕሮስቴት፣ የግላኮማ (የዓይን ግፊት) እና የልብ ምት ችግር ያለበት ሰው ሳይነግር አይጀምር።

ጋባፔንቲን ሌላው የነርቭ ሕመም መድኃኒት ነው። የተለመደው አጀማመር በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም አንዴ፣ በሁለተኛው ሁለቴ፣ በሦስተኛው ሦስቴ ነው። ለአዛውንትና ለኩላሊት ታማሚ ያንሳል፤ በድንገትም አይቋረጥም። ትራማዶል የሐኪም ማዘዣ ይፈልጋል። ያቅለሸልሻል፣ ከአሚትሪፕቲሊን ጋር ሲደረብም የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ የማምጣት አደጋው ስለሚጨምር ከጎረቤት ተበድሮ የሚወሰድ መድኃኒት አይደለም።

የቢ ቫይታሚን መርፌ፦ 1 ከ5። በአዲስ አበባ ለነርቭ ሁሉ መፍትሔ ሆኖ ይታያል። የቫይታሚን እጥረት ላለበት ሰው ጥሩ ነው፤ ለአልማዝ ባለጭራ ሕመም ግን የፀረ ቫይረሱንም የአሚትሪፕቲሊኑንም ቦታ አይተካም። ገንዘብ ካጠረ መጀመሪያ የሚቀረው እሱ ይሁን።

ስለ መደብሮቹም ጥቂት። የከተማ አስተዳደሩ የከነማ ፋርማሲዎችና የቀይ መስቀል ፋርማሲ መጀመሪያ ቢጠየቁ ይመረጣል። የጤና መድን ካርድ ያለው ቤተሰብ ከጤና ጣቢያው ቢጀምር ካርዱም ማዘዣውም ይጠቅመዋል። በ2016 ፒያሳ በኮሪደር ልማት መልኳ ከተለወጠ ወዲህ የለመዱትን ፋርማሲ ፍለጋ ከመዞር አስቀድሞ ደውሎ «ባለ 800 አለ? 35 ፍሬ ይሞላል?» ማለት እግር ያሳርፋል። ከፊሉን ዛሬ ከፊሉን ነገ ብሎ መግዛት ካስፈለገም ቢያንስ የ3 ቀን ይያዝ፤ መካከል ላይ እንዳይቋረጥ። የማብቂያ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሚጻፍ አይዘንጋ። 6ኛ ወር 2026 የሚል ስትሪፕ የሚያበቃው በእኛ ሰኔ 23 ቀን 2018 ነው፤ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ ያስቀመጠ ሰው አይጠፋም።

አሁን ፋርማሲ ወደማይሸጠው ነገር። ለዚህ በሽታ ማስታመም የሥራ ክፍፍል ይፈልጋል። አንድ ወረቀት ላይ 7 ረድፍና 5 ዓምድ አስምሩ፤ 35 ሳጥን ይሆናል። በየሳጥኑ የሰጠው ሰው ይፈርምበት። የ12 ሰዓቶቹና የማታው 4 ሰዓት ለቤተሰብ አይከብዱም፤ የሚረሱት ሥራና ትምህርት ላይ የሚውሉት የረፋዱ 4 እና የቀኑ 8 ናቸው። እነዚህን ሁለት ሰዓቶች ለአንድ ጎረቤት ወይም ጡረታ ለወጣ ወዳጅ በስም መስጠት ይሻላል። «ሁላችንም እናያለን» ከተባለ ማንም አያይም። መምጣት የማይችል ጓደኛ በሰዓቱ ይደውልና ውሃው በብርጭቆ እስኪቀዳ፣ ፍሬው እስኪዋጥ መስመር ላይ ይቆይ። ብርቱካን ይዞ ከመምጣት ይህ ይበልጣል።

ጾም የሚጾሙ ታማሚ እስከ 9 ሰዓት ከቆዩ ከ5ቱ መጠን 3ቱ ይቀርባቸዋል። ለታመመ ሰው በክርስትናውም በእስልምናውም ፈቃድ አለ፤ አዛውንቶች ግን ከልጃቸው አፍ ይልቅ ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ሲሰሙት ልባቸው ያርፋል፤ በመጀመሪያው ቀን አስደውሉላቸው። ጸበል የሚጠጣም ይጠጣ፤ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣላም።

ጠያቂን በተመለከተ፣ ከአልማዝ ባለጭራ አልማዝ ባለጭራ አይይዝም። ጉድፍ ወጥቶበት የማያውቅ ሰው ግን የጉብታውን ውሃ ከነካ ጉድፍ ሊይዘው ይችላል። ስለዚህ ጉብታዎቹ ሁሉ ቅርፊት እስኪይዙ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን፣ ነፍሰ ጡር፣ አራስ ልጅና የሰውነት መከላከያው የደከመ ሰው አይቅረቡ። ሌላው ሰው ሽፍታው እስከ ተሸፈነ ድረስ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣ፣ አብሮ ይብላ፣ ያጉርስ። ፎጣና አንሶላ ብቻ ይለይ፣ እጅ ይታጠብ። ሳህን መለየትና በር ላይ ቆሞ መጠየቅ የታመመውን ሰው የሚያስከፋ፣ ማንንም የማያድን ነገር ነው።

በወጣት ላይ ሲወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ይመከራል። ይህ የሐኪምና የታማሚው ጉዳይ ነው። ስኳር፣ ድካምና ሌላም ምክንያት ሞልቷል፤ ጠያቂ አልጋ ዳር ቁጭ ብሎ የሚገምተው ነገር አይደለም። እንዲህ ዓይነት ወሬ የፈራ ሰው ሽፍታውን ደብቆ 72 ሰዓቱን ያሳልፋል።

ልብስ ላይ አንድ ዘዴ አለ። ብዙ አስታማሚ ሰፊና ቀላል ልብስ ያለብሳል፤ ነገር ግን የሚወዛወዝ ጨርቅ ቆዳውን በላባ እንደሚነካ ሆኖ ነርቭን ይቆሰቁሳል። ያረጀ፣ ብዙ የታጠበ የጥጥ ነጠላ ሳይጠብቅ ሰውነት ላይ ተኝቶ፣ በላዩ ሹራብ ቢደረብበት ብዙዎች ይሻላቸዋል። ቅርፊቱ ወድቆ ቆዳው ከዳነ በኋላ ሕመሙ ከቀጠለ ደግሞ ለምግብ መጠቅለያ የሚሸጠውን ስስ ፕላስቲክ ቦታው ላይ ማልበስ የልብሱን ንክኪ ያስቀራል፤ በርካሽ ከሚገኙት ነገሮች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ጋቢ ሌሊት ከእግር በኩል ብቻ ይሁን።

የሚከተሉትን ያየ አስታማሚ ፋርማሲ ሳይሆን ሆስፒታል ይሂድ። ሽፍታው ግንባር ላይ፣ በተለይ አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሊነካ ነው፤ ዓይኑ ባይቀላም በዚያው ቀን የዓይን ሐኪም ይየው፣ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው። ጆሮ ውስጥ ወጥቶ ፊት ከተጣመመ ወይም መስማት ከቀነሰ። ትኩሳት ከአንገት መድረቅ ወይም ከመወላገድ ጋር ከመጣ። እግር ወይም ክንድ ከዛለ። መቀመጫ አካባቢ ወጥቶ ሽንት አልወጣ ካለ። ቆዳው ዙሪያውን ቀልቶ፣ ሞቆ፣ መግል ከያዘ።

ሽፍታው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይድናል። ሕመሙ ግን በተለይ ከ60 ዓመት በላይ ባሉት ሊቆይ ይችላል፤ ከ3 ወር ካለፈ ራሱን የቻለ የነርቭ ሕመም ሆኖ ይታከማል። በዚህ ጊዜ ጠያቂው አልቋል፣ ቁስሉም አይታይም፣ «ድነሃል እኮ» ይባላል። አሚትሪፕቲሊኑም ያኔ በራስ ሥልጣን የሚቆም አይደለም፤ ሕመሙ ለሳምንታት ጸጥ ካለ በኋላ ከሐኪም ጋር ተነጋግሮ በትንሽ በትንሹ ይቀነሳል። ያ 35 ሳጥን ያለው ወረቀት ከግድግዳ ሲነሣ በምትኩ ሌላ ይለጠፍ፤ በየማታው ሕመሙ ከ10 ስንት እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደተኛ ይጻፍበት። ሐኪሙ መጠኑን ለመጨመር ወይም ለመቀነስ ይህን አይቶ ይወስናል፤ ለቀጠሮው ይዛችሁት ሂዱ።